ጎማው ከመፈታቱ በፊት፦ ውስጡ ሴንሰር አለ ወይስ የለም?

ብዙ ሰው መኪናው ጎማ ውስጥ ንፋስ የሚለካ ሴንሰር እንደነበረ የሚያውቀው ከተሰበረ በኋላ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሊያላቅቅ ብረቱን ያስገባል፣ ይጫናል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማው ሲወጣ አንዲት ጥቁር ፕላስቲክ ተሰንጥቃ ትወድቃለች። ባለመኪናው «ምንድን ናት?» ይላል። ጎሚስታውም በቅንነት «እኔ እንጃ ጋሼ፣ ከውስጥ ነው የወጣችው» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ አይጠፋም።

አዳማ የአዲስ አበባ፣ የጅቡቲ፣ የሐረርና የአሰላ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የጎማ ሥራ አይጠፋባትም። የሚመጣው መኪናም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የጃፓኑ አለ፣ የአውሮፓው አለ፣ በዱባይ የዞረው አለ፣ አሁን ደግሞ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አንዱ ሴንሰር አለው። ሌላው ከጥንቱም አልነበረውም። ሦስተኛው ነበረው፣ ግን መንገድ ላይ ተነቅሎ ቀርቷል። ከውጭ ስታዩአቸው ልዩነታቸው አይታወቅም።

ደግነቱ መለየት ይቻላል፤ ጎማ ሳይፈታ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ምንም መሣሪያ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ያለው መኪና ሁሉ ጎማው ውስጥ ሴንሰር አለው ማለት አይደለም። መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው በየጎማው ውስጥ አንድ ትንሽ ሴንሰር ያለው ነው። ብዙውን ጊዜ ንፋስ ከሚሞላባት ቫልቭ ጋር ተያይዞ ቸርኬው ላይ ይታሰራል። የንፋሱን ግፊትና ሙቀቱን ይለካል፣ በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናው ኮምፒውተር ይልካል። መኪናው ቆሞ ሲያድር ባትሪ ለመቆጠብ ያንቀላፋል፤ ጎማው መዞር ሲጀምር ይነቃል። ባትሪው ፕላስቲኩ ውስጥ ስለታሸገ ለብቻው አይቀየርም። ከ5 እስከ 10 ዓመት ያህል ይሠራል፣ ሲያልቅ ሴንሰሩ በሙሉ ይቀየራል።

ሁለተኛው ዓይነት ጎማው ውስጥ ምንም የለውም። የሚጠቀመው ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚያደርገው ኤቢኤስ ተብሎ በየጎማው አጠገብ የተገጠመውን የፍጥነት መለኪያ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ትንሽ ይረግባል። ስለዚህ እኩል መንገድ ለመሄድ ከሌሎቹ ትንሽ ፈጠን ብሎ መዞር አለበት። ኮምፒውተሩ ያችን ልዩነት ይይዝና መብራቱን ያበራል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ወጪም አይጠይቅም። ጉድለቱ አራቱም ጎማዎች እኩል ሲተነፍሱ ነው። ያን ጊዜ የሚያወዳድረው ስለማያገኝ ዝም ሊል ይችላል። በአውሮፓ የተሸጡ ብዙ ፎልክስዋገን ጎልፎች ከዚህ ወገን ናቸው። የእንዲህ ያለ መኪና ባለቤት ሴንሰር ፍለጋ ጎማ ቢያስፈታ የሚያገኘው ባዶ ቸርኬ ነው።

መኪናው ለየትኛው ሀገር ገበያ እንደተሠራና መቼ እንደተሠራ ማወቅ ግማሹን መልስ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የፋየርስቶን ጎማ የተገጠመላቸው ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ጎማቸው እየተላጠ ይገለበጡ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሀገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣ። ከዚያ ሕግ የመጣው ደንብ ደግሞ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት ቀላል መኪና ሁሉ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው አስገደደ። አውሮፓ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ። ጃፓን ግን በሀገር ውስጥ ለሚሸጡ የቤት መኪኖች እንዲህ ያለ ግዴታ ሳትጥል ቆይታለች። ስለዚህ ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ ቪትዝ ከሆነ የያዛችሁት፣ ፍለጋችሁ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል። «የዱባይ ነው» የተባለ መኪና ግን ተጨማሪ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ዱባይ ላይ ከአሜሪካም ከሌላም ሀገር የገባ ያገለገለ መኪና ይሸጣልና፣ መጀመሪያ የተሠራው ለየትኛው ገበያ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ መኪናው እንግባ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አዙሩ። የዳሽቦርዱ መብራቶች ለጥቂት ሴኮንድ ቦግ ይላሉ። ከመሃላቸው አንዲት ቢጫ ፈልጉ። ጎማ ለሁለት ተቆርጦ ፊት ለፊት ሲታይ የሚኖረው ቅርጽ አላት፤ ከላይ ክፍት ናት፣ መሃሏ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት አለ። በርታ ከጠፋች መኪናው ከሁለቱ በአንዱ ዓይነት መቆጣጠሪያ አለው፣ ለጊዜውም ቅሬታ የለውም። ጨርሶ ካልበራች ወይ መኪናው ሲሠራም መቆጣጠሪያ አልነበረውም፣ ወይ አንድ ሰው መብራቷ እንዳትታይ አድርጓል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ይህን ሁለተኛውን አትርሱት።

በርታ እዚያው ከቆየች ቢያንስ አንድ ጎማ ንፋስ አንሶታል። አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ በተለይ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ የታወቀ ምልክት ነው። መቆጣጠሪያው ራሱ ታሟል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሴንሰር ይጠራል፣ የሚመልስለት ግን የለም። የሴንሰሩ ባትሪ አልቋል፣ ወይም ተሰብሯል፣ ወይም ከነአካቴው እዚያ የለም። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቁልፍ አዙሮ ወዲያው ሞተር ያስነሳል፣ ኤሲውን ይሞክራል፣ ቴፑን ይከፍታል። ያቺ ብልጭታ ሳያያት ታልፋለች። ቁልፉን አዙራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ዳሽቦርዱን እዩ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ስክሪኑ። ለእያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ ቁጥር የሚያሳይ ገጽ ካገኛችሁ ጥያቄው ተመልሷል። በፍጥነት የሚገምተው ዓይነት የእያንዳንዱን ጎማ ልክ በቁጥር ሊነግራችሁ አይችልም፤ ያንን የሚያውቀው ውስጥ ያለ ሴንሰር ብቻ ነው። የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሆኖ ሜኑው በቻይንኛ ቢሆንባችሁ የመኪናውን ሥዕል ከላይ የሚያሳየውን ገጽ ፈልጉ፤ በአራቱ ማዕዘን ቁጥር ካለ እሱ ነው። ቁጥሩ በባር ወይም በኪሎፓስካል ሊሆን ይችላል። ጎሚስታዎቻችን የለመዱት ፒኤስአይ ነው። «32 ሙላልኝ» ስትሉ 2.2 ባር ወይም 220 ኪሎፓስካል ማለታችሁ ነው።

በቁጥር ፈንታ ሰረዝ ሰረዝ ቢታይ ቶሎ «ተበላሽቷል» አትበሉ። ሴንሰሮቹ ተኝተው ይሆናል። አሥር ደቂቃ ያህል ንዱና እንደገና እዩ። ሦስቱ ቁጥር አሳይተው አንዱ በሰረዝ ከቀረ ችግሩ ያለው እዚያ ጎማ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላርም። የጎማዋ ምልክት ያለባት የምትጫን በተን ካለች «ይሄ ሴንሰር የሌለው ዓይነት ነው» የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ ልክ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሴንሰር የሌለው ዓይነት ንፋስ በተሞላ ቁጥር «አሁን ልክ ነው» ተብሎ ሊነገረው ይገባል፤ በተኗም ለዚያ ነች። ነገር ግን ቶዮታ ውስጣቸው ሴንሰር ባላቸው አንዳንድ መኪኖችም ላይ ይህችን በተን አስቀምጧል። በበተን ብቻ አትፍረዱ።

አሁን ከመኪናው ውረዱና ጎማው አጠገብ ቁጢጥ በሉ። የቫልቯን ክዳን አንሡ። ግንዷ ብረት ከሆነ፣ ከቸርኬው የምትወጣበት ቦታም በዳዶ የታሰረ ከሆነ፣ ከበስተጀርባዋ ሴንሰር የመኖሩ ዕድል ትልቅ ነው። ግንዷ ላስቲክ ከሆነና በጣት ስትገፏት ጎንበስ ካለች ብዙውን ጊዜ ተራ ቫልቭ ናት። ብዙውን ጊዜ ነው ያልኩት። ላስቲክ ግንድ ያላቸው ሴንሰሮችም አሉ። በአንጻሩ ለማማር ብቻ የብረት ቫልቭ የተገጠመላቸው ቸርኬዎች ሞልተዋል። በአንዳንድ የቆዩ ፎርዶች ላይ ደግሞ ሴንሰሩ ከቫልቯ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ በብረት ቀበቶ ቸርኬው ላይ ተጠፍሮ ከቫልቯ ትይዩ ይቀመጣል።

አራቱንም ጎማ እያያችሁ ዙሩ። ሦስቱ ቫልቮች ብረት ሆነው አንዷ ላስቲክ ከሆነች ነገሩ ይጠረጠራል። ያ ጎማ አንድ ቀን ተፈትቶ ሴንሰሩ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ስኮርታውንም እዩት። ሙሉ ስኮርታ ያላቸው አንዳንድ ትልልቅ መኪኖች አምስተኛ ሴንሰር አላቸው፤ ዳሽቦርዱ ሲያለቅስ ጥፋተኛው ከኋላ የተንጠለጠለው ጎማ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላም ጥርጣሬ ካለ በንፋስ መሞከር ይቻላል። ይህን ጎሚስታ ደጃፍ ላይ አድርጉት፣ ወዲያው እንድትሞሉ። ስክሪን ካላችሁ ከአንድ ጎማ 4 ፒኤስአይ ያህል አስተንፍሱ። ቁጥሩ ተከትሎ ከወረደ ያ ሴንሰር ይሠራል። የሌላ ጎማ ቁጥር ከወረደ ደግሞ ጎማዎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ለኮምፒውተሩ አልተነገረም ማለት ነው። ሴንሰሩ ደህና ነው፣ አድራሻው ነው የተምታታው። ስክሪን ከሌለ ንፋሱ ከሩብ በላይ መቀነስ አለበት፤ 32 የነበረውን 23 አድርሱትና ጸጥ ባለ የሰፈር መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሴንሰር ያለው መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መብራቱን ያበራል። የሌለው ዓይነት ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል። ልዩነቱ ሲሞላም ይታያል፤ ሴንሰር ያለው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሲነዳ መብራቱን ራሱ ያጠፋል፣ ሌላው ግን እንደገና ካልተስተካከለ ላያጠፋ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ዋና መንገድ ላይ እንዳትወጡ፣ የፍጥነት መንገዱ ላይማ በፍጹም!

መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ ነገሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስልክ የምታክል ማንበቢያ ቫልቯ አጠገብ ይዞ ሴንሰሩን ይቀሰቅሰዋል። ካለ የራሱን መለያ ቁጥር፣ የንፋሱን ልክ፣ አንዳንዴም የባትሪውን ሁኔታ ይናገራል። ይህንን ጋራዥ ውስጥ መሪው ሥር ከሚሰካው ኮምፒውተር ጋር አታምታቱት። የጋራዡ ኮምፒውተር የሚያነበው መኪናው የመዘገበውን ነው። የአራት ሴንሰር ቁጥር ተመዝግቦ ስላየ «አራቱም አሉ» ሊላችሁ ይችላል። ከአራት ዓመት በፊት የተነቀለ ሴንሰር ቁጥርም እዚያው ተመዝግቦ ይኖራል። ምልክት አሁን እየመጣ መሆኑን እንዲያይላችሁ ጠይቁት።

ምትክ ልትገዙ ከሆነ የሞገዱን ዓይነት ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች በ315 ሜጋኸርዝ ይነጋገራሉ፤ የአውሮፓዎቹ በ433። ቅርጹ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሞገዱ ካልገጠመ ግን መኪናው አይሰማውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እኛ ሀገር ሴንሰርን የሚያጠፋው ከምንም በላይ ካላማዳሪ ነው። ቸርኬው ጉድጓድ መትቶት ይጎብጣል፣ ንፋስ በጠርዙ ያፈተልካል። ወይም ጎማው ሁለት ሦስቴ ይበሳል። ጎሚስታው የሚያውቀውን ቀላል መፍትሔ ያቀርባል፤ ካላማዳሪ ማስገባት። ካላማዳሪ የራሱ ቫልቭ አለው፣ የሚወጣውም በዚያችው በአንዷ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋን የያዘው ሴንሰር መውጣቱ የግድ ነው። ይወጣል፣ ኪስ ውስጥ ወይም የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በዚያው ይረሳል። በዚህ ምክንያት ያገለገለ መኪና ስትገዙ «ሴንሰር አለው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ካላማዳሪ የገባበት ጎማ አለ?» በሉ። ሻጩ የመጀመሪያውን ላያውቅ ይችላል፤ የሁለተኛውን መልስ ግን ያውቃል። አዎ ካለ፣ ያ ጎማ ቫልቩ ጋር የተያያዘ ሴንሰር የለውም።

ጎማው የተበሳው መሃል ላይ ከሆነ ከውስጥ በኩል በፓች መጠገን ይቻላል። ሴንሰሩም ከቦታው አይነሳም። ቸርኬው ከጎበጠ ቸርኬው ይቃና። ዋጋው ከካላማዳሪ ሊበልጥ ይችላል። እኔ ግን በተለይ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ያንን ዋጋ እንዲከፍል አጥብቄ እመክራለሁ። የፍጥነት መንገዱ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዚያ ፍጥነት እየተጣጠፈ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ይፈነዳል። ሾፌሩ በመሪው እስኪያውቀው ድረስ ብዙ ጊዜ አይኖረውም። ሴንሰሩ ያቺን ቀዳሚ ደቂቃ ነው የሚሰጠው።

ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ ጎማው ከመነካቱ በፊት ተናገሩ። «ወንድሜ፣ ውስጡ ሴንሰር አለ፤ ብረቱን ከቫልቯ አርቀህ አስገባ» ማለት ይበቃል። ሴንሰሩ ያለው ከቫልቯ ሥር ስለሆነ መጭመቂያውም ብረቱም ከዚያ መራቅ አለባቸው። አዳማ ውስጥ እጃቸው የተፈታ ጎሚስታዎች አሉ፤ ከተነገራቸው ይጠነቀቃሉ። ጎማው ሲወጣ ቆማችሁ እዩ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩ። ከሁሉም ማረጋገጫ የሚበልጠው ይህ በዓይን ማየት ነው። ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ለማስገባት ካሰቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ከልክሉ፤ የሴንሰሩን መተንፈሻ ሊደፍነው ይችላል። የቫልቯ ክዳንም ፕላስቲክ ይሁን። የብረት ክዳን ዝጎ ከአሉሚኒየሙ ግንድ ጋር ይጣበቃል፣ ሊፈታ ሲታገሉት ግንዱ ይሰበራል።

ሴንሰሩ ቢሠራም የሚያነበው ቁጥር ለምን ይለዋወጣል የሚል ጥያቄ እዚህ ይመጣል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር የውጭው አየር ይከብዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 32 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ አዳማ ላይ 31 ገደማ ያነባል። ሙቀት ደግሞ ይመልሰዋል፤ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ያህል ይወጣል። በዚህ መስመር ሁለቱ ይካካሳሉ ማለት ይቻላል። ጅቡቲ ድረስ የሚወርድ ሰው ግን ልዩነቱን ስክሪኑ ላይ ሊያየው ይችላል። መብራቱ ጠዋት በርቶ ቀን ላይ የሚጠፋ ከሆነ ንፋሱ ድንበሩ ላይ ነው ያለውና ሙሉት። ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

መኪናችሁ ምንም እንደሌለው ካረጋገጣችሁ በቫልቭ ክዳን ምትክ የሚጠለቁ ሴንሰሮች አሉ፤ ትንሽ ማሳያቸው ዳሽቦርድ ላይ ይቀመጣል፣ ብዙዎቹ በፀሐይ ይሞላሉ። ለቪትዝም ይሆናሉ። ክብደት ስላላቸው ያረጀ የላስቲክ ቫልቭ ላይ አትግጠሟቸው፣ ቫልቯን አስቀድማችሁ አስቀይሩ። ከገጠማችሁ በኋላ በየቫልቯ ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ። ክዳኑ የቫልቯን መርፌ ተጭኖ ስለሚከፍታት፣ በደንብ ካልጠበቀ ንፋሱ ቀስ እያለ ይወጣል። አረፋ ካያችሁ ፍቱና እንደገና አጥብቁ።